መብራት ሲሄድ በዲስኩ ላይ ምን ይቀራል?

(በአምባ ጊዮርጊስ ከተማ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለኮምፒዩተር ጠጋኞች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ።)



ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ በሚዘልቀው በዚህ ደጋ መብራት መጥፋቱ ብቻውን ዜና አይሆንም። ክረምት በገባ ቁጥር ነጎድጓዱና ነፋሱ መስመሩን ይፈትነዋል፤ ሰዉም ሻማውንና ባትሪውን ከአጠገቡ አያርቅም። ዜናው የሚመጣው መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። የቢሮው ኮምፒዩተር ይበራና በጥቁር ገጽ ላይ አንድ ነጭ መስመር ጽፎ ይቆማል፤ ወይም ዊንዶውሱ ይከፈትና ሰነዶቹ የነበሩበትን ክፍል ሲነኩት «ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልግዎታል፤ ፎርማት ይደረግ?» የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ ያቀርባል። በዚያች ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቃል የትም ቦታ አንድ ነው፤ «መብራቱ በላው!»

የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ይህ አባባል በአብዛኛው ስሕተት መሆኑ ነው። የመብራት መቋረጥ ቀድሞ የተጻፈን ነገር አይፍቅም፤ የሚያደርገው በመጻፍ ላይ ያለውን ማቋረጥ ነው። የተቋረጠው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ዲስክ እጅግ ጥቂቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠፋውን ብዙውን ነገር የሚያጠፋው መብራቱ በተመለሰባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሰው እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። ከእነዚህም ሥራዎች ቀዳሚው ለዚያ የዊንዶውስ ጥያቄ «እሺ» ብሎ መመለስ ነው።

ነገሩ የቢሮ ጣጣ ብቻ እንዳይመስል፣ በዚህ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች በዲስክ ላይ ምን ምን እንዳለ ጥቂቱን ላንሣ። የወረዳ የበጀትና የወጪ ሂሳብ በአይቤክስ ይሠራል፤ የነጋዴውና የማኅበሩ ሂሳብ በፒችትሪ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በደባርቅ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የዋልያ ቆጠራ አለው። ፎቶ ቤቶቻችን የዚህን ሕዝብ ሠርግና ተዝካር ይዘዋል። ዳባት ላይ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ገና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ በ1989 ዓ.ም. ያቋቋመው የጥናት ማዕከል አለ፤ የተመረጡ ቀበሌዎችን ነዋሪዎች ቤት ለቤት እየተከታተለ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ በቀጣይነቱ ላይ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት አንዲት እናት ልጇ ምን ምልክት አሳይቶ እንደሞተ ለመዝጋቢ የነገረችውን ቃል፣ ዛሬ ተመልሶ ሄዶ እንደገና መጠየቅ አይቻልም። ፋይሉ ከጠፋ የሚጠፋው ሰነድ ብቻ ሳይሆን የተጠየቀበት ዘመንም ነው።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውሃው መጠን በማነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል ሁላችንም ተማረናል። ከዲስክ አንጻር ሲታይ ግን ፈረቃ የከፋ ነገር አይደለም፤ ሰዓቱ የታወቀ መቋረጥ ኮምፒዩተሩን ቀድሞ ለመዝጋት ፋታ ይሰጣል (ፈረቃው በተነገረው ሰዓት ከሆነ ማለቴ ነው)። የሚጎዳው ድንገት የሚሄደው ነው። ከእርሱም የሚብሰው ሄዶ በጥቂት ሴኮንድ የሚመለሰውና ደግሞ የሚሄደው ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው መቋረጥ ለማገገም መዝገቡን በማስተካከል ላይ ሳለ ሁለተኛው ይደርስበታል።

መሬቱና መዝገቡ

ዲስክን ለማስረዳት ከቴክኖሎጂ ይልቅ ከመሬት ብነሣ ይቀለኛል። በክልላችን ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ ደብተሩ በባለይዞታው እጅ ሲቀመጥ መዝገቡ ደግሞ በመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀራል። አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ በእሳት ቢወድም መሬቱ አልተቃጠለም። ወሰን ድንጋዩ በቦታው ነው፤ እርከኑም፣ አጥሩም፣ የዘንድሮው ገብስም በቦታው ነው። የጠፋው «ይህ የማን ነው፣ ከየት እስከ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ፈጣን መልስ ነው።

ዲስክም እንዲሁ ነው። ባዶ ዲስክ በተርታ የተቆጠሩ ሴክተሮች ሜዳ ነው። ሜዳውን ከፋፍለን ሲ እና ዲ ብለን ስንጠራው፣ ማለትም በየሱቁ ፓርቲሽን የሚባለውን ክፋይ ስናወጣ፣ በሜዳው ላይ ምንም አጥር አይሠራም። የሚሆነው ነገር «አንደኛው ክፋይ ከዚህ ቁጥር ይጀምራል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ተብሎ በመዝገብ መጻፉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በአይቢኤም ኮምፒዩተሮች ላይ በዋለውና ኤምቢአር በሚባለው ነባር አሠራር፣ ይህ መዝገብ በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ይገኛል። ሴክተሩ 512 ባይት ነው፤ 446ቱ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለሚፈጽመው መመሪያና ለተያያዥ ነገሮች የተያዙ ናቸው፣ 64ቱ የክፋዮች ሰንጠረዥ ናቸው፣ የቀሩት 2 ባይቶች እንደ ማኅተም የሚያገለግሉ ሲሆን ዋጋቸው 85 እና 170 ነው።

64 ባይት ምን ያህል ነው? በስልክ የምንልከው አንድ አጭር የአማርኛ መልእክት 70 ፊደላት ይይዛል፤ ይህም 140 ባይት ነው። እንግዲህ የአንድ ሙሉ ዲስክ አከፋፈል የተጻፈበት ቦታ ከግማሽ መልእክት ያንሳል ማለት ነው። ያውም ቅጂ የለውም። በአዲሱ አሠራር፣ ጂፒቲ በሚባለው፣ ይህ ጉድለት ተስተካክሏል፤ ሰንጠረዡ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ሌላ ቅጂው በዲስኩ መጨረሻ ይቀመጣል፣ መበላሸቱ የሚታወቅበት የማረጋገጫ ቁጥርም አለው። ወሰን ድንጋይን በሁለቱም የማሳ ጫፍ መትከል እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠጋኞቻችን እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የክፋዮች ሰንጠረዥ በዕለት ሥራ አይጻፍም። ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ፎቶ ስናስገባ፣ ሂሳብ ስንዘጋ ያንን የመጀመሪያ ሴክተር የሚነካው የለም። ስለዚህ መብራት ድንገት ሲሄድ ሰንጠረዡ የመጎዳቱ ዕድል አነስተኛ ነው። አደጋው ያለው ክፋዮቹ ራሳቸው በመሠራት ላይ ሳሉ ነው፤ በተለይም የአንድን ክፋይ መነሻ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስናዛውር ፕሮግራሙ መቶ ጊጋባይቱን ሁሉ እየገለበጠ ለሰዓታት ይቆያል። መሐሉ ላይ ቢቋረጥ ግማሹ በአዲሱ ቦታ፣ ግማሹ በአሮጌው ይቀራል፣ መዝገቡም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያውቃል። ይህን ሥራ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ወይም በጄኔሬተር ካልሆነ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩት።

ታዲያ የዊንዶውሱ ጥያቄ ከየት መጣ? በአብዛኛው የሚመጣው ክፋዩ እያለ፣ በክፋዩ ውስጥ ያለው ሁለተኛው መዝገብ አልነበብ ሲል ነው። «ፎርማት ይደረግ?» ማለት በሌላ አነጋገር «መዝገቡን ማንበብ አልቻልኩም፤ አዲስ ባዶ መዝገብ ልክፈት?» ማለት ነው። መሬቱ ስለ መኖሩ ወይም ስለ መጥፋቱ አንድም ቃል አልተናገረም።

አንዱን ፋይል ለመጻፍ ሦስት ጽሕፈት

ያ ሁለተኛው መዝገብ የፋይል ሥርዓት ይባላል። መብራት በእውነት ሊጎዳው የሚችለው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም እርሱ በየደቂቃው ይጻፋል።

አንድ ጸሐፊ ለአንድ አርሶ አደር አዲስ ጥማድ ሲሰጥ ሦስት ነገር ማድረግ አለበት እንበል። ማሳው ይታረሳል። «ክፍት መሬት» ከሚለው ዝርዝር ላይ ያ ጥማድ ይሰረዛል። በባለይዞታው ገጽ ላይም ይጻፋል። በፋይል ሥርዓት ውስጥም በአንድ ፋይል መጨረሻ ጥቂት መስመር ስንጨምር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የዲስክ ቦታዎች ይጻፋሉ፤ ጽሑፉ ራሱ የሚያርፍበት ብሎክ፣ የትኞቹ ብሎኮች ባዶ እንደሆኑ የሚያሳየው ዝርዝር፣ እና ፋይሉ በየትኞቹ ብሎኮች ላይ እንዳለ የሚናገረው ገጽ። ዲስክ ሦስቱን በአንዲት ቅጽበት ሊጽፍ አይችልም፤ አንዱ ከሌላው ይቀድማል። መብራት የሚሄደው በመካከላቸው ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ጽሑፉ ብቻ ተጽፎ ሁለቱ መዝገቦች ካልተነኩ፣ ጽሑፉ ለጊዜው አይገኝም፣ ግን ማንም አልተጣላም፤ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ከክፍት መሬት ዝርዝር መሰረዙ ብቻ ከተጻፈ አንድ ጥማድ ባለቤት ሳይኖረው ጦሙን ያድራል፤ ቦታ ባከነ እንጂ ጉዳት የለም። የባለይዞታው ገጽ ተጽፎ ክፍት ከሚለው ዝርዝር ሳይሰረዝ ከቀረ ግን ነገ ያው ጥማድ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ደብተር፣ አንድ ማሳ! በዚህ አገር ይህ ወደ ምን እንደሚያመራ ለእናንተ አልነግርም። በዲስክ ላይም ሁለት ፋይሎች በአንድ ብሎክ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ከሁሉ የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው። ሁለቱ መዝገቦች በትክክል ተጽፈው ጽሑፉ ራሱ ሳይጻፍ ቀረ። መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፣ መርማሪ ቢመጣ ጉድለት አያገኝም፣ ፋይሉ ሲከፈት ግን በውስጡ ያለው ቀድሞ በዚያ ቦታ የነበረ ቆሻሻ ወይም ባዶ ነው።

በቀደመው ዘመን መድኃኒቱ ጠቅላላ ምርመራ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁሉንም መዝገብ እያገናዘበ ይቆይ ነበር። በዊንዶውስ 98 ዘመን ያንን ሰማያዊ የስካንዲስክ ገጽ እየተመለከተ ቡና አፍልቶ የጠጣ ሰው እዚህ መኖር አለበት። ዲስክ እያደገ ሲሄድ ይህ ምርመራ ሰዓታት የሚፈጅ ሆነ፤ ስለዚህ ጆርናል የተባለው ዘዴ ተስፋፋ። ከባንክና ከዳታቤዝ ሥራ የተወሰደ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ካወጣው ኤንቲኤፍኤስ ጋር መጣ፤ በሊኑክስ ዓለም እስጢፋኖስ ትዊዲ የሠራው ኤክስት3 እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ዋናው ሊኑክስ ገባ፣ ተተኪው ኤክስት4 በ2008 ለሥራ ዝግጁ ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው ማንኛውንም መዝገብ ከመንካቱ በፊት በአንድ የውሎ ደብተር ላይ «ላደርግ ያሰብኩት ይህንና ይህን ነው» ብሎ ይጽፍና ይፈርምበታል። ከፈረመ በኋላ ብቻ ወደ ዋናዎቹ መዝገቦች ይሄዳል። መብራት ቢሄድና ቢመለስ መጀመሪያ የሚያየው የውሎ ደብተሩን ነው። ፊርማ ካለበት ሥራውን ከመጀመሪያው ይደግመዋል፤ ፊርማ ከሌለበት እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ይተወዋል። በግማሽ የተሠራ ነገር አይኖርም። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ማገገም በሴኮንዶች ያልቃል።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ በደንብ ይያዝልኝ፤ ብዙ ባለሙያም ይስተዋል። ኤንቲኤፍኤስም ሆነ በተለመደው አሠራሩ ኤክስት4 በውሎ ደብተሩ ላይ የሚጽፉት የመዝገቡን ለውጥ እንጂ የጽሑፋችንን ቃል አይደለም። ሁሉንም ሁለት ጊዜ መጻፍ ሥራውን ያዘገየዋልና። ስለዚህ ጆርናል የፋይል ሥርዓቱን ከመፍረስ ይጠብቀዋል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተጻፈውን ደብዳቤ እጠብቃለሁ ብሎ ግን ቃል አልገባም። «ዲስኩ ደኅና ነው፤ ሪፖርቴ ግን ባዶ ሆነ» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ይመነጫል፤ ሁለቱ ነገሮች አይቃረኑም።

በፍላሽና በካሜራ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚሠራባቸው ፋት32 እና ኤክስፋት ደግሞ እንዲህ ያለ የውሎ ደብተር የላቸውም። በእነዚህ ላይ እየሠራን መብራት ከሄደ ወይም ፍላሹን ነቅለን ከወሰድን ሁሉም በዕድል ነው። ሪፖርታቸውን በፍላሹ ላይ ከፍተው፣ እዚያው እያረሙ፣ እዚያው የሚያስቀምጡ ባልደረቦች አሉ። ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጠው ቢሠሩ፣ ሲጨርሱም ወደ ፍላሹ ቢመልሱ ይሻላቸዋል።

ሌላም የተደበቀ መዘግየት አለ። «ሴቭ» ብለን ስንጫን ጽሑፉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያርፍም፤ በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ይቆያል። ሊኑክስ በተለመደው አደራረጉ እስከ 30 ሴኮንድ ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ፕሮግራሙ «አሁኑኑ ጻፍ» ብሎ ካዘዘ አይዘገይም፤ ጥሩ ዳታቤዝ ሁልጊዜ ይህን ያደርጋል። ከዚያ ደግሞ ዲስኩ ራሱ በውስጡ ትንሽ ማቆያ አለው፣ ርካሽ የሆኑ አንዳንድ የዩኤስቢ ማገናኛዎችም ሳይጽፉ «ጽፌአለሁ» ይላሉ።

በየላፕቶፑ እየገባ ያለው ኤስኤስዲ የራሱ የሆነ ነገር አለው። የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው ከመብራት መቆራረጥ የሚድን ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኤስኤስዲ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የራሱ የውስጥ ካርታ አለው፣ የካርታው አንድ ክፍልም ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማቆያ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት 15 ኤስኤስዲዎችን ደጋግሞ ኃይል እያቋረጠ ሲፈትን፣ በ13ቱ ላይ ያልተጠበቀ ጉድለት አግኝቷል፤ ቀድሞ የተጻፈ መረጃ እስከ መበላሸት የደረሰም ነበረ። ለሰርቨር ተብለው የሚሠሩት በውስጣቸው ኃይል የሚያቆዩ ካፓሲተሮች ስላሏቸው የያዙትን ጽፈው ለመጨረስ ጊዜ ያገኛሉ። ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። ቀደም ብዬ «መብራት የተጻፈን አይፍቅም» ያልኩት በአብዛኛው እውነት ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በማግስቱ

አሁን ወደ ጠጋኙ ጠረጴዛ እንምጣ። ኮምፒዩተሩ መጥቷል፤ ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምናልባትም የሩብ ዓመት ሪፖርት ነገ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፤ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር አይጻፍ። ፎርማት አይደረግ፣ ዊንዶውስ አይጫን፣ የማዳኛ ፕሮግራሙ ራሱ በዚያ ዲስክ ላይ አይጫን። ደጋግሞ ማብራትም መጻፍ ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሣ በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ይነካል። ዲስኩ እንደ ወትሮው ያልሆነ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ የጠጋኙ ሥራ እዚህ ያበቃል፤ ይጠፋ፣ ይነቀል። የተጎዳው አካሉ ነውና ሶፍትዌር አይፈውሰውም፤ እያንዳንዱ ደቂቃም ያባብሰዋል።

ድምፅ ከሌለው ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማገናኘት፣ ከዚያም ሙሉውን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው በሌላ፣ ቢያንስ በእኩል መጠን ባለው ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። ለዚህ ሥራ ዲዲሬስኪው የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የምመርጥበት ለአገራችን የሚስማማ ምክንያት አለኝ። የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፣ አስቸጋሪውን ወደ በኋላ ያቆየዋል፣ የደረሰበትንም በአንድ ትንሽ የካርታ ፋይል ላይ እየመዘገበ ይሄዳል። በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ማዳኑ ራሱ በመብራት መቋረጥ ከዜሮ የሚጀምር ቢሆን እዚህ ደጋ ላይ ማንም አይጨርሰውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ክፋዩ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ቴስትዲስክ የተባለው ፕሮግራም ያገለግላል። የሚሠራውም ወሰን ድንጋይ ፍለጋ ነው፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሄደ እያንዳንዱ የፋይል ሥርዓት በመነሻው ላይ የሚተወውን ምልክት ይፈልጋል፣ ከምልክቱም መነሻውንና ርዝመቱን አስልቶ ያንን 64 ባይት እንደገና ይጽፋል። ክፋዩ እየታየ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ቅጂ መፈለግ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የመጀመሪያ ሴክተሩን ቅጂ በክፋዩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ኤክስት4 ዋና ገጹን በበርካታ ቦታዎች ገልብጦ ያኖራል፤ በተለመደው የ4 ኪሎባይት ብሎክ የመጀመሪያው ቅጂ በ32768ኛው ብሎክ ላይ ነው። ብዙ ዲስኮች በዚህ ብቻ ይከፈታሉ፤ ባለቤቱም አንድ ፋይል ሳይጎድልበት ይሄዳል።

ቼክዲስክና ኤፍኤስሲኬ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ በብዙ ሱቅ ግን መጀመሪያ ይመጣሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የታዘዙት መዝገቦቹን እርስ በርስ እንዲያስማሙ ነው። የባለቤቱን ሰነድ እንዲያተርፉ ማንም አላዘዛቸውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥማድ ሲከራከሩ ዳኛው ፋይሉን ለመዝጋት ብሎ አንዱን ቢያባርር መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ከተባረረው አንጻር ግን ፍርድ አይደለም። ቅጂ በእጅ ካለ ይሞከሩ፤ ቅጂ ከሌለ አይነኩ።

ሁሉም ካልሠራ የመጨረሻው መንገድ መዝገብን ጨርሶ ትቶ ሜዳውን መቃረም ነው። ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። እያንዳንዱ የጄፔግ ፎቶ 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጀምራል፤ ፕሮግራሙ ይህንን አጀማመር ባገኘ ቁጥር ከዚያ የሚቀጥለውን ይሰበስባል። ፎቶ ይገኛል፤ የፋይሉ ስምና የነበረበት ማኅደር ግን አይገኝም፣ በመዝገቡ ላይ ነበሩና። ለፎቶ ቤት ይህ መዳን ነው፤ ሙሽራዋን ዓይቶ ማወቅ ይቻላል። ለሂሳብ ሹም ግን በቁጥር ብቻ የተሰየሙ አራት ሺህ ሠንጠረዦች ሌላ ዓይነት ጥፋት ናቸው።

በቋንቋችን የሚገኝ አንድ ጥቅም እዚህ ላይ ላንሣ፤ ምናልባት ከተማሪዎቻችን አንዱ ፕሮግራም ይሠራበት ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ተራ ከተሰጠው ወዲህ፣ በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛው በ136 እና በ141 መካከል ነው። ይህ ቅርጽ በዲስክ ላይ በአጋጣሚ በተከታታይ አይደጋገምም። መዝገቡ የፈረሰ ዲስክ ላይ ይህን ቅርጽ እየፈለጉ በአማርኛ የተጻፉ ግልጽ ጽሑፎችን፣ የዳታቤዝ መስመሮችንም ጭምር፣ ከቆሻሻው መሐል መልቀም ይቻላል። የዛሬው የዎርድ ፋይል ግን ታምቆ ስለሚቀመጥ በዚህ መንገድ አይገኝም፤ በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፈውም ከውስጡ የላቲን ፊደል ስለሆነ አይታይም።

ስለ ቅድመ ጥንቃቄ ጥቂት ብዬ ልጨርስ። ዲስክን በሁለት ከፍሎ ዊንዶውስን ሲ ላይ፣ ሰነድን ዲ ላይ ማድረግ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ጥሩም ልማድ ነው። የማንኛውም ሕመም መድኃኒት «ፎርማት እናድርገው» በሆነበት አገር ቢያንስ ሲ ሲጠፋ ዲ ይተርፋል። ነገር ግን ሠራተኛው ሁሉንም የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ላይ ነው። ለቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ማሳየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱ ክፋዮች በአንድ ዲስክ ላይ እንዳሉም አይዘንጋ፤ ከሲ ወደ ዲ የተገለበጠ ሰነድ መጠባበቂያ አይባልም፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው።

ዩፒኤስ ያለው ቢሮ ብዙ ነው፤ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ያለው ግን ጥቂት ነው። ባትሪው ካለቀ ያ ሣጥን ከዲቫይደር አይለይም። ኮምፒዩተሩን ሳይሆን አንድ አምፖል ሰክታችሁ መሰኪያውን ከግድግዳው ንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደሚበራ ቁጠሩ። የሚፈለገው በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ አምስት ደቂቃ ነው። መብራት ሲመለስም ወዲያው አታብሩ፤ ደጋግሞ እንደሚሄድ ታውቃላችሁና መርጋቱን ጥቂት ጠብቁ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ እኩል መሆኑንም ልብ በሉ።

መጠባበቂያ ቅጂ ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ይፈልጋል፤ አንዱ ሲገለበጥበት ሌላው ከሕንጻው ውጭ ይሆናል፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ አንደኛው ብቻ ይጎዳልና ሁለትነቱ ለቅንጦት አይደለም። ከቅጂው ላይም በወር አንድ ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

የክፋዮቹን ሰንጠረዥ ግን በወረቀት ላይ አስቀምጡት። ሊኑክስ ላይ በኤስኤፍዲስክ፣ ዊንዶውስ ላይ በዲስክፓርት የእያንዳንዱን ክፋይ መነሻና ርዝመት ማየት ይቻላል፤ ለአንድ ኮምፒዩተር ከአራት ወይም ከአምስት መስመር አይበልጥም። በእጅ ጽፋችሁ፣ የዲስኩን መለያ ቁጥርና ቀኑን ጨምራችሁ፣ በኮምፒዩተሩ ሽፋን ውስጠኛ ጎን ለጥፉት። ክፋይ በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ወረቀት ይነሣና አዲሱ ይለጠፍ።